ሌጎ ሮክ ባንድ፦ ትንሿም ትልቁም አንድ ዘፈን ላይ

ልጅም አዋቂም እኩል የሚዝናናበት ጌም ማግኘት ከባድ ነው። ወይ ልጁን ይከብደዋል፣ ወይ አዋቂው ይሰለቻል። ሌጎ ሮክ ባንድ ይህን ችግር እስካሁን ከተጫወትኳቸው ሁሉ በተሻለ ፈትቶታል። የወጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 3፣ ለኤክስቦክስ 360፣ ለዊ እና በእጅ ለሚያዘው ኒንቴንዶ ዲኤስ ነው። አዎ፣ ቆይቷል። በእኔ እይታ ግን ለቤተሰብ እስካሁን የሚተካው የለም።

ሮክ ባንድን ለማያውቅ፦ አንዱ ጊታር፣ አንዱ ቤዝ፣ አንዱ ድራም፣ አንዱ ማይክ ይይዛል፤ ጊታሩና ድራሙ እውነተኛ ሳይሆኑ የጌም መቆጣጠሪያዎች ናቸው። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ኖታዎች እየተንሸራተቱ ይመጣሉ፣ መስመሩ ጋ ሲደርሱ መምታት ነው። የሙዚቃውን በኩል የሰራው ሃርሞኒክስ ነው፤ የሌጎውን፣ ማለትም የሚገጣጠሙትን የፕላስቲክ መጫወቻዎች፣ ዓለም ያመጣው ደግሞ የሌጎ ጌሞችን በመስራት የሚታወቀው ትራቭለርስ ቴልስ ነው።

ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ሌጎው መልክ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማነሳው ደንቡን ነው። ጌሙ ከቀላልም በታች የሆነ፣ በጣም ቀላል የሚባል ደረጃ አለው። እዚህ ደረጃ ላይ ቀለም መለየት አያስፈልግም። ኖታው ሲደርስ መምታት ብቻ ነው። ትንሿ ልጃችን ከእሷ የማይተናነስ ጊታር ታቅፋ፣ ቁልፎቹን ዞር ብላም ሳታይ፣ በአውራ ጣቷ ላይ ታች ስትል ምቱን ትይዛለች። አጠገቧ ታላቅ ወንድሟ ከባዱን ደረጃ ይዞ ላብ በላብ ሆኗል። ዘፈኑ ግን አንድ ነው፣ ባንዱም አንድ ነው፣ ሁለቱም ለባንዱ ነጥብ ያመጣሉ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ደረጃ ስለሚመርጥ ማንም ማንንም አይጎትትም። ድራም ላይ ለተቀመጠ ልጅ እግሩ ፔዳሉ ጋ ካልደረሰ ደግሞ የፔዳሉን ምት ጌሙ ራሱ እንዲመታለት ማድረግ ይቻላል። ረጅም ዘፈን ለሚሰለቸው ልጅም ዘፈኖቹን የማሳጠር ምርጫ አለ። ይህን ሁሉ ያሰበው ሰው ከልጅ ጋር ተቀምጦ የተጫወተ መሆን አለበት።

ሌላው ደስ የሚለው አወዳደቁ ነው። በሌሎቹ የሮክ ባንድ ጌሞች አንዱ በጣም ሲሳሳት ይወድቃል፣ ሌሎቹ ካላዳኑት ዘፈኑ ሊቋረጥ ይችላል፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ያንን ልጅ ያየዋል፣ ልጁም ሁለተኛ ጊታር አልነካም ይላል። እዚህ ግን የተሳሳተው ለጊዜው ከጨዋታው ይወጣል፣ የሰበሰባቸው የሌጎ ሳንቲሞችም ይቀነሳሉ፤ ከዚያ ኖታዎችን በትክክል መምታት ሲጀምር ተመልሶ ይገባል። ሙዚቃው አይቆምም። ማንም አያፍርም። ለልጅ ጌም የሚሰራ ሁሉ ይህን ቢያይ ደስ ይለኛል።

ቀልዱስ? ሞልቷል። ባንዱ ከትንሽ መድረክ ተነስቶ እየታወቀ ሲሄድ መኪና ትገዛላችሁ፣ ሰራተኛ ትቀጥራላችሁ፣ የባንዱን ቤት በራሳችሁ ፍላጎት ታሳምራላችሁ። መሃል ላይ ደግሞ በሙዚቃ ኃይል ብቻ የሚሰሩ ፈተናዎች ይመጣሉ፦ ፎቅ ማፍረስ፣ ማዕበል መጥራት፣ ግዙፍ ሮቦት መቆጣጠር። መናፍስት የሰፈሩበትን ቤት የምታጸዱት የሬይ ፓርከር ጁኒየርን የጎስትበስተርስ ዘፈን እየተጫወታችሁ ነው፣ እዚያ ላይ የማይስቅ ልጅ አላየሁም። ታዋቂዎቹ ሙዚቀኞች ዴቪድ ቦዊ፣ ኢጊ ፖፕ፣ ኩዊን እና ብለር ደግሞ እንደ ሌጎ ሰው ሆነው፣ ቢጫ ፊትና አራት ማዕዘን እግር ይዘው ብቅ ይላሉ። ልጆቹ ማን እንደሆኑ አያውቁም፣ እነሱ የሚስቁት በአካሄዳቸው ነው። አዋቂው ግን የኩዊኑን ዘፋኝ ፍሬዲ ሜርኩሪን በዚያ ቁመት ሲያየው ሌላ ነገር ነው።

ከቲቪ ጋር በሚገናኙት የጌም ማጫወቻዎች (ኮንሶሎች) ላይ 45 ዘፈኖች አሉ። ከጃክሰን 5 እስከ ፉ ፋይተርስ፣ ከኤልተን ጆን እስከ ፒንክ። ለልጅ ጆሮ የማይሆን ነገር የለውም፣ ግን የልጅ መዝሙርም አይደለም፤ እኔን ያስደሰተኝ ይሄ ነው። ጥቂቶቹን ባልሰማቸው ግን አይቆጨኝም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በኢንተርኔት አብሮ መጫወት አይቻልም። ሌላ ከተማ ያለ የአጎት ልጅን ባንዱ ውስጥ ማስገባት የለም፣ ሁሉም አንድ ሳሎን መገኘት አለበት። ሁለተኛ፣ ዘፈኖቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ክፍት አይደሉም፤ ልጅ አንድ ዘፈን ወዶ "አሁን እሱን!" ሲል ገና ነው ማለት ያደክማል። የዲኤሱን ቅጂ ደግሞ ከዚህ ጋር አታምታቱት። እሱ 25 ዘፈን ነው ያለው፣ ጊታርም ድራምም የለውም፣ በቁልፍ ብቻ ከአንዱ መሳሪያ ወደ ሌላው እየዘለሉ ነው የሚጫወቱት። ለመንገድ ጥሩ ነው፣ ባንድ ግን አይደለም።

አሁን የምትገዙት ያገለገለ ዕቃ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ተጠንቀቁ። ዲስኩ ቀላል ነው፣ ችግሩ መሳሪያዎቹ ናቸው። የፕሌይስቴሽን 3 ገመድ አልባ ጊታር ኮንሶሉ ላይ የሚሰካ ትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ አለው፤ እሱ ከጠፋ ጊታሩ ዋጋ የለውም፣ የሌላ ጊታር መቀበያ ይሰራል ብላችሁም አትመኑ። ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ እሱ ይሁን። የመምቻው ማንሻ ላይም ታችም በደንብ መስራቱን፣ አምስቱም ቁልፎች መመለሳቸውን በእጃችሁ ሞክሩ። ቤት ስትገቡ ደግሞ ገና ዘፈን ሳትከፍቱ ወደ ማስተካከያው ግቡና ድምፁንና ምስሉን ከቲቪያችሁ ጋር አስማሙ። የዛሬ ጠፍጣፋ ቲቪዎች ምስሉን ትንሽ ያዘገዩታል፣ ያ መዘግየት ካልተስተካከለ ልጁ በትክክል እየመታ ጌሙ ስህተት ነው ይለዋል። ቲቪው የጌም ሞድ (መዘግየቱን የሚቀንስ ምርጫ) ካለው እሱንም አብሩት።