የጀማሪ ፈትሌን ጋቢ ላደረጉልኝ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ

ይህን የምጽፈው አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔን ለማመስገን ነው። በእጃችሁ የፈተላችሁት ወይም እናታችሁ ቤት በከረጢት የተቀመጠ ፈትል ኖሯችሁ "ማን ዘንድ ልውሰደው?" ለምትሉም እሳቸውን ልጠቁማችሁ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

እናቴ ዓይኗ ደክሞ እንዝርቷን ካስቀመጠች ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ባለፈው ጥቅምት አንድ እሑድ፣ ቡና ጠጥተን ስንጨርስ "እስኪ አሳዪኝ" አልኳት። አመልማሎውን፣ ማለትም ለፈትል የተዘጋጀውን ጥጥ፣ በግራ እጄ፣ እንዝርቱን በቀኜ አስይዛኝ አጠገቤ ተቀመጠች። የምስበው ክር አንድ ክንድ ሳይሞላ ይበጠሳል። እሷ ምንም ሳትል ጫፉን ከጥጡ ጋር ታገናኝልኛለች፣ እኔ እንደገና እስባለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ቆየን። ከዚያ አንድ ማታ እንዝርቷ ሾረች፣ ጥጡም ከጣቶቼ መሀል ሳይበጠስ እየቀጠነ ወጣ። እናቴ በድምፁ አውቃ "አሁን ያዝሽው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም። ከሥራ ገብቼ፣ ልጆቹን አብልቼ አስተኝቼ፣ እንዝርቴን አነሳለሁ፤ ቀና ስል እኩለ ሌሊት ሆኗል። መብራት በጠፋባቸው ማታዎችም ፈትያለሁ፤ ጣት ውፍረቱን ከዓይን ቀድሞ ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ በቁጥርና በስልክ ጥሪ የተወጠረ አእምሮዬ የሚያርፈው እዚያች ክር ላይ ነበር። እስከ ግንቦት ድረስ ሃያ ሁለት ልቃቂት፣ ማለትም ሃያ ሁለት ድቡልቡል የክር ጥቅል፣ ሞላልኝ። በወጉ ፍሬውን ማውጣቱም፣ በደጋን መንደፉም የፈታይዋ ሥራ ነው። እኔ ግን ተዳምጦ የተነደፈ ጥጥ ገዝቼ ስለሆነ የጀመርኩት፣ ያን ድካም ዘልዬዋለሁ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ሸማኔ ልቃቂቱን አገላብጦ አይቶ "ይሄ አይሠራም" አለኝ። ሌላው ደግሞ ከፋብሪካ ክር ጋር ካልቀላቀልኩት አልነካውም አለ። በእነሱ አልፈርድም፤ ያልተስተካከለ ማግ (በአግድም የሚገባው ክር) ሥራ ያጓትታል፣ እነሱም የሚከፈላቸው በጨረሱት ልክ ነው። ግን ከረጢቴን ይዤ ወደ ታክሲ ስመለስ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ጋሼን ያገኘኋቸው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጠቁማኝ ነው። ከጋሞ፣ ከጨንቻ አካባቢ የመጡ፣ ሽመናን ከአባታቸው የተማሩ ሰው ናቸው። እግራቸውን ወደ ሽመና ጉድጓዳቸው ሰደው እንደተቀመጡ አንድ ልቃቂት ተቀበሉኝና ሦስት አራት ክንድ ያህል ፈትተው ወደ በሩ ብርሃን ዘረጉት። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሀል እያሳለፉ እስከ ጫፉ ሄዱ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ አቁመው፣ "ልጄ፣ እዚህ ጋ ንኪው" አሉኝ። ወፈር ያለ፣ ለስለስ ያለ እብጠት ነው። ከአጠገቡ ደግሞ ቀጭን ሆኖ እንደ ጸጉር የተጠማዘዘ አለ። "ክረቱ፣ የክሩ መጠምዘዝ ማለቴ ነው፣ ሁልጊዜ ወደ ቀጭኑ ይሸሻል። ቀጭኑ ከልክ በላይ ይከራል፣ ወፍራሙ ሳይከር ይቀራል። ስትስቢ እኩል አድርገሽ ሳቢ እንጂ እንዝርቷን በማፍጠን አይስተካከልም።" እኔ ስምንት ወር ሙሉ ሲበጠስብኝ እንዝርቱን ነበር የማፈጥነው!

ቀጥለው ምን እንደሚሆን ነገሩኝ። ለነጠላ አይሆንም፤ ነጠላ ስስ ስለሆነ እያንዳንዱ እብጠት ይታያል። ለጋቢ ግን ይሆናል፤ ጋቢ ወፈር ያለ ማግ ይወዳል፣ አራት ድርብም ስለሆነ አንዱ የሌላውን ይሸፍናል። ድሩን፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረውን፣ ከፋብሪካ ክር እንዲያደርጉት ፈቃዴን ጠየቁኝ። "ድር ተወጥሮ ውሎ ያድራል፣ ማጉ በተመታ ቁጥርም ይፋተጋል፤ ያንቺ ገና አይችለውም። ማግ ግን ይተኛል" አሉ። ማጉ በሙሉ የእኔው እንደሚሆን፣ ሌላ ክር እንደማይገባበት ቃል ገቡልኝ።

ቃላቸውንም ጠበቁ። ፈትል ሸማኔ ቤት አስገብቶ ክሩ እንዳይቀየር ወይም እንዳይጎድል የማይሰጋ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም ሰግቼ ነበር። ጋሼ ፊት ለፊቴ መዘኑት፣ 1 ኪሎ ከ400 ግራም። ክብደቱን በወረቀት ጽፈው አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን 150 ግራም፣ ብጥስጣሹን ሳይቀር በፌስታል ቋጥረው መለሱልኝ።

በመሀል አንድ ቅዳሜ ሄጄ እንድመለከት ፈቀዱልኝ። ማጉ ቀሰም በምትባል ቀጭን ሸምበቆ ላይ ተጠቅልሎ፣ ክሩን በሚያመላልሰው መወርወሪያ ውስጥ ገብቷል፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይበራል፣ እግራቸው ከታች ይረግጣል፣ ምቱ ይከተላል። ድንገት የእኔ ክር ተበጠሰ። ሳይነጫነጩ ቆሙ፣ ያልከረረውን ጥቂት ቆርጠው ጣሉ፣ ሁለቱን ጫፍ ደራርበው አስተኝተው አንዴ መቱት። ስፈልገው መጋጠሚያው አልታየኝም። በዚያች ሰዓት ውስጥ ብቻ አምስት ጊዜ እንዲህ አድርገዋል። ጋቢው ሙሉ እስኪሆን ስንት ጊዜ እንደቆሙ ሳስብ አሁንም ምስጋናዬ ያንሳል።

2 ሳምንት ብለውኝ በ12ኛው ቀን ደወሉ። ዋጋቸው ከሌሎቹ ጋር የተቀራረበ ነው፣ ተነጋግረን ከተስማማንበትም አንድ ብር አልጨመሩም። ስወስደውም ለመጀመሪያ ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ እንዳጥበው፣ ሳልጠመዝዝ ጥላ ላይ እንዳሰጣው ነገሩኝ። እንዳሉት አደረግኩ፤ ሲደርቅ ጥጡ ፈክቶ ለስልሷል።

ጋቢውን ለእናቴ አለበስኳት። ጥለቱን በዓይኗ ለማየት ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፣ ከዚያ ትታው ጨርቁን በጣቶቿ መዳሰስ ጀመረች። አንድ ቦታ ላይ ቆማ "ይሄ የመጀመሪያ ሰሞን የፈተልሽው ነው" አለች። ትንሽ ዝቅ ብላ ደግሞ፣ "ይሄ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እዚህ ጋ እጅሽ ተፈቷል።" ያ ጋቢ ከትከሻዋ ወርዶ አያውቅም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉልበትዎን ያድስልዎ፣ እጅዎ ይባረክ።

ለመሄድ የምታስቡ፣ ጋሼ በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ አይቀበሉም፤ ለበዓል የምትፈልጉ ከሆነ ወር ሲቀረው ሂዱ። መጀመሪያ ሁሉንም ፈትል አትሸከሙ፣ አንድ ልቃቂት ብቻ ይዛችሁ አሳዩአቸው፤ ለምን እንደሚሆን እዚያው ይነግሯችኋል። ቦታውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ አሳያለሁ። እኔም ለነጠላ የሚሆን ቀጭን ማግ ጀምሬ ሦስተኛ ልቃቂቴ ላይ ነኝ፤ ለመስቀል ወስጄ አሳያቸዋለሁ።