አያት ወይስ ለቡ?

ቢሮአችን ሞልቶ ፈሷል። የቪዛ ፋይል ኮሪደር ላይ ተቆልሏል። ፕሪንተሩ ያለው የድሮው መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከደረቀው ቧንቧ ሥር ነው። ኤምባሲው እስኪታደስ ለሃያ ሰው ቦታ ፈልጉ ተባልን። አዲስ አበባን ዞረን ዞረን ሁለት ሰፈር ቀሩን፤ አያትና ለቡ።

አያት ያገኘነው አዲስ ፎቅ ላይ ሁለት ወለል ነው። ከጦር ኃይሎች የሚነሳው የቀላል ባቡር መስመር መጨረሻው እዚያው ነው። ሊፍት አለ፣ ጄኔሬተር አለ። ግን ከታች ካፌ፣ ከላይ ጂም። በ1961 እ.ኤ.አ. የዲፕሎማሲ ግንኙነት የቪየና ስምምነት መሠረት የተከራዩት የሕንፃ ክፍልም የሚሲዮኑ፣ ማለትም የኤምባሲው ግቢ ነው፤ ያለ ሚሲዮኑ ኃላፊ ፈቃድ የተቀባዩ አገር መንግሥት ሰው አይገባበትም። ደረጃውና ሊፍቱ ግን የሁሉም መተላለፊያ ነው። የጥበቃ ኃላፊያችን ጂም የሚወጣውን ሰው ሁሉ እያየ ራሱን ነቀነቀ።

ለቡ ያለው ጂ ፕላስ ቱ ቪላ ነው። የራሱ አጥር፣ አንድ በር፣ ለአራት መኪና የሚበቃ ግቢ አለው። ሽቦውን ግን ባታዩት ይሻላል! የተዘረጋው ለአንድ ቤተሰብ ነው፤ ማንቆርቆሪያና ምጣድ አብረው ሲሰኩ ብሬከሩ ጠፋ። ለሠራተኛ ሰርቪስም ያስፈልጋል።

እኔ ለቡ ብያለሁ፤ ሽቦ ይቀየራል። የሒሳብ ክፍሏ ጓደኛዬ አያት ስለምትኖር አኩርፋኛለች።