ለታዳሽ ኃይል ሥራ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ዲግሪ ምን ያህል ይጠቅማል?

በታዳሽ ኃይል ዘርፍ ለመሥራት አስቤ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሬ በፓወር (የኤሌክትሪክ ኃይል) ዘርፍ ተመርቄአለሁ፤ ዛሬም ብጠየቅ ይህንኑ እመርጣለሁ። በአገራችን ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በአብዛኛው ከውኃ በመሆኑ፣ ትልቁ ሥራ የመነጨውን ኃይል ዛሬም በማገዶ ጭስ እንጀራ ወደሚጋገርበት ጓዳ ሳይቆራረጥ ማድረስ ነው። ለዚህ የኃይል ሥርዓት ትንተና የተባለው ኮርስ ወደር የለውም፤ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ባለው በአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ነፋሱ ሲቀንስ የውኃ ጣቢያዎች ጉድለቱን እንዴት እንደሚሸፍኑ የገባኝ በዚህ ኮርስ ነው።

ቅሬታዬ በቤተ ሙከራው ላይ ነው። አንዲቱን ጄኔሬተር ከአሥር በላይ ሆነን እንከብብ ስለነበር፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማብሪያዋን በእጄ የነካሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ ወደ ተለዋዋጭ ስለሚቀይረው ኢንቨርተርና ስለ ባትሪ የተማርነውም እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ምርጫችሁን ከመሙላታችሁ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ጠይቁ፤ ከተቻለም ቤተ ሙከራውን ገብታችሁ እዩ። ባትሪ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የሚማርካችሁ ከሆነ ግን ኬሚካል ምህንድስና ይሻላችኋል።