ሪኮ ጂአር 3 ወይስ ፉጂፊልም ኤክስ100ቪ፦ ለፈጣን ፍላሽና ለዘወትር መያዣ

በጠራራ ፀሐይ የሰውን ፊት በፍላሽ አብርቶ ሰማዩን ማጥቆር የሚፈልግ ሰው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ከያዘ ብዙውን ጊዜ የመዝጊያውን (ብርሃን የሚያስገባውንና የሚዘጋውን ክፍል) ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ ገደማ በላይ ማሳደግ ያዳግተዋል፤ ከዚያ በላይ የመዝጊያው መጋረጃዎች ሴንሰሩን (ምስሉን የሚቀበለውን ክፍል) በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ስለማይገልጡት፣ ብልጭታው የሚያርፈው በከፊሉ ላይ ብቻ ነው። የእነዚህ ሁለት ካሜራዎች መዝጊያ ግን በሌንሱ ውስጥ ስለሆነ፣ ከ1/1000 ሰከንድ በላይም ቢሆን ከፍላሽ ጋር ይናበባል።

ለዚህ ሥራ እኔ የማደላው ለፉጂፊልም ነው። ሌንሱ እስከ ኤፍ2 ድረስ በሰፊው ይከፈታል፤ በውስጡ ያለው የብርሃን መቀነሻም ብርሃኑን ወደ 1/16 ስለሚያወርደው፣ በቀትር ፀሐይ እንኳ ሌንሱን ከፍቶ ጀርባውን ማደብዘዝ ይቻላል። የሪኮ መቀነሻ ወደ 1/4 ብቻ ያወርዳል፤ አብሮት የተሠራ ፍላሽም ስለሌለው ሁልጊዜ ተጨማሪ ፍላሽ መያዝ ግድ ነው።

ለዘወትር መያዣ ግን ሪኮ ያለጥርጥር ይበልጣል፤ ፉጂፊልም ከነባትሪው 478 ግራም ሲመዝን እርሱ 257 ግራም ብቻ ሆኖ ሱሪ ኪስ ይገባል። ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ትርፍ መያዝ ይገባል፤ በዓይን የሚታይበት መመልከቻም የለውም።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ፍላሹ በሙሉ ኃይሉ ሲበራ ብልጭታው ከመዝጊያው ረዝሞ ብርሃኑ ሊቆረጥ ስለሚችል፣ በከፍተኛ ፍጥነት ሲነሳ ኃይሉን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።