ቡና ቤቴን ከነተሳቢዋ ላተረፉልኝ ጋሼ

ሁለት ወር ሙሉ አንጀቴን ያሳረሩኝ ሰዎች ስለነበሩ፣ እኚህን ሰው ካገኘሁ በኋላ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ኮሎራዶ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ፒክአፕና ካምፐር ያላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሼርም አድርጉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቤት ፊፍዝ ዊል የሚሉት ትልቅ ተሳቢ ቤት አለ። አፍንጫው ፒክአፑ ጀርባ ላይ የሚቀመጠው ማለቴ ነው። የእኛው ደግሞ ቶይ ሆለር ነው፤ ከኋላው ጋራዥ አለው። የኋላ ግድግዳው ወደ መሬት ይዘረጋና መወጣጫ ይሆናል፣ የልጆቹ ባለ አራት ጎማ ሞተር በዚያ ይገባል። እኔ በበኩሌ በጋ ሲመጣ በየፌስቲቫሉ ጀበና ቡና አፈላለሁ። ቡና የምሸጥባት ትንሽ ተሳቢ አለችኝ፤ ረከቦቷም ስኒዋም ሁሉ እዚያው ውስጥ ናቸው። ታዲያ ትልቁን ባለቤቴ ሲጎትት ትንሿን ማን ይጎትታት? ሌላ መኪና፣ ሌላ ሹፌር፣ ሌላ ነዳጅ። ስለዚህ ከትልቁ ኋላ ቀጥለን እንጎትታት አልን። እዚህ ኮሎራዶ ይፈቀዳል፤ ከፒክአፑ አፍንጫ እስከ መጨረሻዋ ጭራ ከ70 ጫማ አይለፍ እንጂ።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ስሙን አልጠራም። «ኖ ፕሮብሌም፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው» አሉን። የትልቁ ተሳቢ ባምፐር ላይ መንጠቆ በየዱልን፣ 380 ዶላር ከፈልን፣ ቀለም ሳይቀር ቀብተው አሳምረው ሰጡን። እኔማ ፎቶ ሁሉ አንስቼ ነበር!

በሳምንቱ ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወጣን። ሞኑመንት አካባቢ ስንደርስ አንድ ትራክ አጠገባችን መጥቶ ጥሩንባውን ይነፋል፣ በእጁ ወደ ኋላ ያሳየናል። ዳር ይዘን ቆምን። ወርጄ ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ። ብየዳው በአንድ በኩል ተሰንጥቋል፣ ባምፐሩ እንደ ቆርቆሮ ተጠማዟል፣ ቡና ቤቴ አንገቷን ደፍታ አስፋልቱን ልትስም ምንም አልቀራትም። ከኋላችን የነበሩትን መኪኖች አስቤ እስካሁን ሌሊት እባንናለሁ።

ስንመለስ ምን ቢሉን ጥሩ ነው? «ከልክ በላይ ጭናችሁ ነው።» ገንዘቡም አልተመለሰ፣ ይቅርታም የለ።

ሁለተኛው ቦታ ሦስት ሳምንት አቆዩብን። ሰውየው ልጆቼ ፊት ሳቀብን። ይህን ሸጣችሁ ሌላ ግዙ ብሎ ላየበት ብቻ 150 ዶላር ተቀበለን። ሦስተኛው ዛሬ እመጣለሁ፣ ነገ እመጣለሁ ሲል ከርሞ ጭራሽ ስልክ ማንሳት አቆመ። ፌስቲቫሎቹ ያልፋሉ፣ የቦታ ኪራይ ከፍያለሁ፣ እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴን በሆነ ባልሆነው እጮህበት ጀመር። (ይቅርታ የኔ ጌታ፣ ይህን ታነበዋለህ።)

ከዚያ አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንዲት እህት ሳለቅስ ሰምታ የእኚህን ሰው ስልክ ሰጠችኝ። ደወልኩ። «በያጅ ነኝ፤ ሳላይ ዋጋ አልናገርም፤ ይዛችሁ ኑ» አሉኝ። ብቻ!

ጋሼ ስድሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። ኦሮራ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አላቸው። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ አንድ ብረት አነሱና የትልቁን ተሳቢ ጎማዎች እየዞሩ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጉ ጀመር። ጆሯቸውን አዘንብለው ድምፁን ያዳምጣሉ። እኔ እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ።

ለምን መሰላችሁ? አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ኤንትሬ ነበር የሚነዳው፣ ከነተሳቢው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ እናቴ አዲስ አበባ ሆና ሻማ ታበራ ነበር። አባዬ ከመንገድ ሲመለስ እኛን ከመሳሙ በፊት መኪናዋን አንድ ጊዜ ይዞራታል፣ ጎማዎቿን በብረት እያንኳኳ። ልጅ ሆኜ ቅናት ይይዘኝ ነበር፣ ከኛ መኪናዋን ያስቀድማል ብዬ። ያንን ድምፅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ኦሮራ ውስጥ ሰማሁት። ጋሼ ዞር ብለው አዩኝና «ምነው ልጄ?» አሉ። ነገርኳቸው። «አሰብ?» አሉ፤ ብረቱን አስቀምጠው ተቀመጡ። እሳቸውም ወጣት ሳሉ በዚያው መስመር ረዳት ሆነው ሠርተዋል። ሥራው ለግማሽ ሰዓት ቆመ፤ ስለ ሚሌ ሙቀት አወሩን።

ከዚያ ከሥር ገቡ። ሲወጡ ምንም አልተናገሩም። እጃቸውን ታጥበው ወደ ፒክአፑ ሄዱ፣ የኋላ መቀመጫውን አዩና «ያን ቀን ልጆቹ እዚህ ነበሩ?» ብለው ጠየቁ። አዎ አልን። ራሳቸውን ነቀነቁ። የተበየደውን በግራይንደር ቆርጠው አወጡና ቁራጩን ለባለቤቴ ሰጡት። «ያዝ፤ ይህ ባምፐር ትርፍ ጎማ ተሸካሚ ነው እንጂ የሚጎትት አይደለም» አሉት።

ስለ ሥራው ብዙ አስረድተውናል፤ እኔ ግማሹም አልገባኝም። የገባኝ አህያዋ ናት። «አህያ ጭነቱ ሁሉ ወደ ቂጧ ከሄደ የፊት እግሯ መሬት አይጨብጥም። የእናንተ ቤት ጋራዡ ከኋላ ነው፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ በዚያ ላይ ሌላ ተሳቢ ትሰቅሉበታላችሁ። አፍንጫው ከፒክአፑ ላይ ቀለለ» አሉ። መንጠቆው ከባምፐሩ ሳይሆን ከዋናው ሻንሲ ጋር መያያዝ አለበት፤ እሱም ብቻውን አይበቃም፣ ሚዛን ላይ ካልወጣ አልሠራም አሉ። አብረውን ትራክ ስቶፕ ድረስ መጡ። ካት ስኬል በሚባለው የትራክ ሚዛን ላይ መጀመሪያ ያለ ትንሿ፣ ቀጥሎ ከትንሿ ጋር አስመዘኑን። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገው በእስክሪብቶ ደመሩ፣ ቀነሱ። የልጆቹን ሞተር ወደ ፊት አስገፉን። ከቡና ቤቴ ደግሞ ጄኔሬተሩንና የውሃ ጀሪካኖቹን አስወርደው ፒክአፑ ላይ አስጫኑን። ድጋሚ አስመዘኑን። «አሁን እሠራለሁ» ያሉት ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ሁሉ እስከዚያች ሰዓት አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም!

ሻንሲው ላይ የሚታሰር ብረት ሠሩ፣ መብራቷንና ፍሬቻዋን ቀጠሉ፣ ሰንሰለቷን አጠበቁ፣ ከተላቀቀች ራሷ ፍሬን የምትይዝበትን ገመድ አዲስ አደረጉልን። በሜትር ከዳር እስከ ዳር ለኩን፤ 65 ጫማ ሆነች።

አሁን ወደ ባለቤቴ ልምጣ። ዘጠኝ ዓመት ትራክ የነዳ ሰው ነው፤ የመንዳት ምክር ከማንም አይቀበልም። ጋሼ «ከሁለት ተሳቢ ጋር ሪቨርስ የሚባል ማርሽ የለህም» ሲሉት ፈገግ አለ። «ሞክራታ» አሉት። ባዶ ፓርኪንግ ነበር። ሁለት ሜትር ሳይሄድ ትንሿ እንደ ሰንጢ ታጠፈች። ጋሼ አልሳቁም። እኔ ግን ሳቅሁ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩት፤ ማደያ ስትገባ መውጫውን ሳታይ አትግባ፣ ከጠፋህ ትንሿን ፍታት፣ በእጅ ግፏት፣ ቆይተህ ቀጥላት። ዘጠኝ ዓመት የነዳው ሰውዬ እንደ ተማሪ እሺ ሲል በዓይኔ አየሁ።

በነሐሴ ወደ ፓሊሴድ የኮክ ፌስቲቫል ወጣን። 230 ማይል ገደማ ነው፣ ያውም በአይ ሰባ አውራ ጎዳና፣ በአይዘንሃወር ዋሻ። 11,000 ጫማ ላይ ያለ ዋሻ ነው፤ በኛ ሂሳብ ጣርማ በርን ማለፍ በሉት። ዋሻውን ወጥተን ሲልቨርቶርን ስንደርስ ስልክ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ስንት ሰዓት እንደተነሳን ጠይቀው ነበር ለካ፣ ሰዓቱን ሲቆጥሩ ቆይተዋል! «ቁልቁለቱን ወረዳችሁ? ቁሙ። የጎማዎቹን መሀል በእጅህ ዳስስ። ካቃጠለህ እንዳትነቃነቅ፤ ደውልልኝ።» ባለቤቴ ዞሮ ዳሰሰ። ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። «በሉ ማርያም ትከተላችሁ» ብለው ዘጉ። የትኛው ጋራዥ ነው የሚደውልላችሁ? እስቲ ንገሩኝ።

ቡናዬ በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አለቀ። ትንሿም ሄዳ እስክትመለስ ውልፍት አላለች።

የጠየቁን ገንዘብ የመጀመሪያዎቹ ከወሰዱብን ብዙም አይበልጥም። ጨምረን ስንሰጣቸው መለሱልን። ስለዚህ እባካችሁ፣ ተሳቢ ያላችሁ፣ ብየዳ የምትፈልጉ፣ የምግብ ትራክ የምታሠሩ፣ እኚህ ሰው ጋ ሂዱ። ርካሽ ነው ብላችሁ ሌላ ቦታ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አትሞክሩ። ሂዱ! ሌላ ስቴት ያላችሁ ግን ከመጀመራችሁ በፊት የስቴታችሁን ሕግ እዩ። ቨርጂኒያ ሁለት ተሳቢ እንዲህ መቀጠል አይፈቅድም፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ በተለመደው መንጃ ፈቃድ አይሆንም። ጋሼም መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው፤ ካልተፈቀደ አይሠሩላችሁም፣ አትለምኗቸው።

ጋሼ «ስሜን በአደባባይ አትጻፊ» ስላሉኝ አልጻፍኩም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ደውሉ፣ ከሰዓት ከመኪና ሥር ስለሆኑ አያነሱም። ስትሄዱ ቡና በፔርሙስ ያዙላቸው። ስኳር እንዳትጨምሩበት፤ በጨው ነው የሚጠጡት።