አራት ሺህ ዶላር አለ፤ መኪና ማንሸራተት የት እንማር?

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሌሊት እየሠራ ያጠራቀመውን አራት ሺህ ዶላር ይዞ ሲያትል ወዳለው ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ድሪፍት መማር እፈልጋለሁ፤ ይህን ልግዛው?» ብሎ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው የፊት መከላከያው ተሰንጥቆ በፕላስቲክ ማሰሪያ የተሰፋ የ2003 ቢኤምደብሊው ነበር። ዋጋው ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር።

«መኪናውን ከገዛህ በኋላ ጎማውን በምን ትገዛለህ?» አልኩት።

ዝም አለ። እኔንም ከዓመታት በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር። ቅዳሜያችንን በሙሉ አራት መንገዶችን ስናነጻጽር ዋልን፦ የራሊ ትምህርት ቤት፣ በራስ መኪና ራሊክሮስ፣ የድሪፍት መኪና ገዝቶ ሜዳ መውጣት፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ሲሙሌተር፣ ማለትም መሪና ፔዳል ተገጥሞለት በኮምፒውተር የሚነዳ የመኪና ጨዋታ። መለኪያዬ ቀላል ነበር። ባወጣሁት ገንዘብ ስንት ኩርባ እዞራለሁ? ስሳሳትስ ምን እንዳጠፋሁ የሚነግረኝ ማን ነው?

ከመግዛት በፊት፦ የትኛውን መንሸራተት?

ሁለቱም መኪኖች በጎን ስለሚሄዱ ብዙ ጀማሪ ራሊንና ድሪፍትን አንድ ያደርጋቸዋል። የራሊ ነጂ መኪናውን የሚያንሸራትተው ስለሚያምር አይደለም። ጠጠር ላይ የፊት ጎማ መሬት መያዝ ስለሚሳነው፣ ኩርባው ከመድረሱ በፊት የመኪናውን አፍንጫ ወደ መውጫው ማዞር ግድ ይሆንበታል። ዳኛው ሰዓት ነው። በድሪፍት ግን ግቡ መንሸራተቱ ራሱ ነው፤ ፎርሙላ ድሪፍት በሚባለው የአሜሪካ የድሪፍት ውድድር ዳኞች የሚያዩት መስመሩን፣ ማዕዘኑንና የአነዳዱን ስልት ነው።

ይህ ልዩነት ኪስ ውስጥ ይገባል። ራሊ በአብዛኛው የሚጫወተው በክብደት ነው። ነዳጅ መስጫውን ድንገት ሲለቁት የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይደፋል፤ የፊት ጎማ መሬቱን ይነክሳል፣ የኋላው ቀልሎ ይወጣል። መጀመሪያ ከኩርባው በተቃራኒ ትንሽ ዞር ብሎ ወዲያው መመለስ ደግሞ መኪናውን እንደ ሰዓት ፔንዱለም ያወዛውዘዋል። ለዚህ ሁሉ ትልቅ ሞተር አያስፈልግም። ስዊድናዊው ኤሪክ ካርልሰን ከ1960 እስከ 1962 የብሪታንያን አርኤሲ ራሊ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው ሞተሯ አንድ ሊትር በማይሞላ፣ የፊት ጎማ በሚጎትታት ሳአብ ነው። የሞተሯ ዙር ከወረደ ጉልበት ስለምታጣ ቀኝ እግሩን ከነዳጁ ሳያነሳ በግራ እግሩ ፍሬን ይይዝ ነበር። ዛሬም በራሊ ትምህርት ቤት ከሚሰጡት ቀዳሚ ትምህርቶች አንዱ ይኸው በግራ እግር ፍሬን መያዝ ነው።

አስፋልት ላይ ድሪፍት ለማድረግ ግን የኋላውን ጎማ በጉልበት ከመሬት ማላቀቅ፣ ከዚያም እንዳይመለስ አድርጎ ማቆየት ያስፈልጋል። ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ሞተሩን አጓርቶ፣ ፍሪሲዮኑን በድንገት መልቀቅ የተለመደው ዘዴ ነው። ጎማ የሚያልቀው፣ ፍሪሲዮን የሚቃጠለው፣ ሞተር የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የራሊ ትምህርት ቤት

ከሲያትል በስተ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ስኖኳልሚ ዲርትፊሽ የሚባል ትምህርት ቤት አለ። ግቢው የቀድሞ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ነው። የሚያስተምሩባቸው የሱባሩ መኪኖች ናቸው፤ በኋላ ጎማ የሚሄደው ቢአርዜድ አለ፣ አራቱም ጎማ የሚሠራበት ደብሊውአርኤክስ ኤስቲአይም አለ። በአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ ኒው ሃምፕሻየር ዳልተን ውስጥ፣ በራሊ ሻምፒዮኑ ቲም ኦኒል ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት ይገኛል። እዚያ የታወቁት የፊት ጎማ በሚጎትታቸው ፎርድ ፊየስታዎች በማስተማር ነው። ምክንያታቸው ያሳምነኛል፤ እንዲህ ያለ መኪና በነዳጅ ብዛት ስህተትን አይሸፍንም፣ ክብደቱን ማዘዝ ያልቻለ ተማሪ ቀጥ ብሎ ከመንገድ ይወጣል።

የአንድ ሙሉ ቀን ትምህርት ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። ሲሰሙት ያስደነግጣል። ነገር ግን መኪናው፣ ነዳጁ፣ ጎማውና የራስ ቁሩ የእነርሱ ነው። ከሁሉ በላይ የሚገዛው አጠገብ የሚቀመጠው አሠልጣኝ ነው። የእኔ አሠልጣኝ ጠዋቱን ሙሉ የደጋገመልኝ አንድ ቃል ነበር፦ «ዓይንህ!» እኔ የፈራሁትን የአፈር ክምር እያየሁ ወደ ክምሩ እሄድ ነበር። ዓይኔን መውጫው ላይ ስተክል እጄ ሳላዘው ተከተለ። ይህን ብቻዬን ለማወቅ ስንት ክምር መግጨት እንደነበረብኝ እንጃ።

አገር ቤት መንጃ ፈቃድ ያወጣን ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ብልጫ አለን። በእጅ ማርሽ ነው የተማርነው፤ ብዙ አሜሪካዊ ተማሪ ግን ከመንሸራተቱ በፊት ከፍሪሲዮን ጋር ይታገላል። ጉድለታችን ደግሞ ፒስታ መንገድ ላይ ያደገ እግር መሆኑ ነው። ሲንሸራተት ፍሬን መርገጥ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከመመዝገብ በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ መኪና ለስንት ተማሪ ነው? መኪናው ቢጎዳ ተማሪው እስከ ስንት ይከፍላል? ሁለተኛው መልስ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል።

በራስ መኪና ራሊክሮስ

በአውሮፓ ራሊክሮስ ሲባል መኪኖች ጎን ለጎን እየተጋፉ የሚወዳደሩበት ነው። የአሜሪካው የስፖርት መኪና ክለብ፣ በአጭሩ ኤስሲሲኤ፣ በዚሁ ስም የሚያዘጋጀው ግን ለየት ይላል። ሰፊ የአፈር ወይም የሣር ሜዳ ላይ የፕላስቲክ ኮኖች ይደረደራሉ፤ መኪኖች አንድ በአንድ ይሮጣሉ። ቤተሰብ የሚመላለስባት ኮሮላ ምንም ሳይቀየርላት መግባት ትችላለች፤ ከመሰሎቿ ጋር ትመደባለች። የቀኑ ሩጫ ሁሉ ሰዓት ይደመራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ማበድ አያዋጣም፣ ደጋግሞ አለመሳሳት እንጂ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላውቅም።

መመዝገቢያው እንደየአካባቢው ቢለያይም ለአንድ ቀን መቶ ዶላር ገደማ ነው። ደካማ ጎኑ የሩጫው ማጠር ነው። ቀኑን ሙሉ ውሎ መሪ ላይ የሚቆየው ሰው ሲደመር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ የቀረውን ጊዜ ሌሎች የጣሉትን ኮን ሲያነሳ ይውላል፣ ግዴታም ነው። እኔ ግን ኮን በማንሳት ተምሬያለሁ። ኩርባው ዳር ቆሞ ሠላሳ መኪና ሲያልፍ ያየ ሰው፣ ማን ቀድሞ እንደዞረ፣ ማን ዘግይቶ እንደረገጠ ይለያል። ደግሞም አንጋፋ ነጂዎቹ ሲለምኗቸው አጠገብ ተቀምጠው ያርማሉ፤ ይህን ውለታ ገንዘብ አይገዛውም።

የድሪፍት መኪና

የልጁ ልብ ያለው እዚህ ነበርና ብዙ ቆየንበት። ድሪፍት በ1970ዎቹ ኩኒሚትሱ ታካሃሺ በጃፓን የእሽቅድምድም ሜዳ ካሳየው አነዳድ ተነስቶ፣ በኬይቺ ሱቺያ በኩል የተራራ መንገድ ወጣቶችን የማረከ ጥበብ ነው። ፎርሙላ ድሪፍት በ2004 አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር ደግሞ የራሱ ሊግ አገኘ። በእኛ አካባቢ መናኸሪያው ከሲያትል በሰሜን ምሥራቅ ሞንሮ ከተማ ያለው ኤቨርግሪን ስፒድዌይ ነው። ትላልቆቹ የሚወዳደሩበት ሜዳ ለአማተሮችም የልምምድ ቀን ይከፈታል።

በዚያ ገንዘብ ገበያ ላይ የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። ማዝዳ ሚያታ አንድ ቶን ገደማ የምትመዝን ቀላል መኪና ናት፤ ጎማዋ ትንሽ ስለሆነ ርካሽ ነው። ነገር ግን በፊትና በኋላ ጎማዋ መካከል ያለው ርቀት 2.27 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ ጀማሪው መሪውን መልሶ ከመያዙ በፊት ዞራ ታበቃለች። ከ1998 ጀምሮ የተሠራው የቢኤምደብሊው ኢ46 ርቀቱ 2.7 ሜትር ያልፋል። ሲንሸራተት ቀስ ይላል፣ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል፣ እንደ እኔ ለመማር ይህ ይሻላል። ሆኖም የፕላስቲክ የውሃ ማቀዝቀዣ ክፍሎቹ በዕድሜ ይሰነጠቃሉ፤ የኋላ አካሉ ከወለሉ ጋር የሚያያዝበት ቦታም ይቀደዳል፤ ሳያስፈትሹ መግዛት አይገባም። ኒሳን 350ዜድ ባለ 3.5 ሊትር ሞተር ስለሆነ ጉልበት አይጎድለውም። ክብደቱና ሰፊ ጎማው ግን በየወሩ ሂሳብ ያስከፍላሉ።

የትኛውም ቢገዛ ወጪው በዚያ አያበቃም። የኋላ ሁለቱ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ ዲፈረንሻሉ ካልተቆለፈ፣ አንዱ ጎማ ብቻ እየጨሰ ሌላው ቆሞ ያያል። ድሃ ድሪፍተኛ ዲፈረንሻሉን በብየዳ ያሳስረዋል፤ ሜዳ ላይ ይሠራል፣ ገበያ ሲሄዱ ግን በየመታጠፊያው ይንጫጫል። ደህና መቀመጫና የራስ ቁር ይቀጥላሉ። መኪናው ከተሰበረ ማስጎተት አለ። የግል መኪና ኢንሹራንስ በአብዛኛው በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የደረሰ ጉዳት አይከፍልም።

እኔ ራሴ መጀመሪያ ቀኔ ሁለት መለዋወጫ ጎማ ብቻ ይዤ ሄድኩ። የተገጠሙት ሁለቱ ከረፋዱ በፊት ሽቦ አወጡ፣ መለዋወጫዎቹም ምሳ ሳይደርስ አለቁ። ከሰዓት በኋላውን አጥር ተደግፌ የሌላውን ሰው ጭስ ስስብ ዋልኩ። ከሁሉ የከፋው ጎማው ማለቁ አልነበረም። ግማሽ ቀን አንዱን ስህተት ስደግም የነገረኝ ሰው አለመኖሩ ነው። የኋላው ሲወጣ መሪውን በኃይል ጨብጬ አስገድደው ነበር። መሪው ላላ ባለ እጅ ውስጥ በራሱ እንዲመለስ መልቀቅ እንዳለበት ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው።

በሌሊት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ መለማመድን ያነሳ እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁት፤ አነሳው። እዚህ ግዛት መኪናን እስከ ማስወረስ የሚያደርስ ሕግ አለ፤ እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ እግረኛ ይኖራል። ስለዚህ ከንጽጽሩ አወጣነው።

ሲሙሌተር

መሪውን መልቀቅ እንዳለብኝ ያወቅሁት በሲሙሌተር ነው፤ ስለዚህ አልንቀውም። ሎጂቴክ ጂ29 ወይም ጂ923 ከነፔዳሉ ከ300 እስከ 400 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል። አንድ ምሽት ሁለት መቶ ኩርባ ይዞራሉ፣ ጎማ አያልቅም። ለራሊ በ2019 የወጣው ደርት ራሊ 2.0 ጥሩ ነው፤ በ2004 የወጣው ሪቻርድ በርንስ ራሊ ዛሬም ወዳጆቹ አልተዉትም። ለድሪፍት አሴቶ ኮርሳ ይመረጣል።

ገዢ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በጥርስ የሚዞሩት እነዚህ ርካሽ መሪዎች ለራሊ ይበቃሉ። በድሪፍት ግን መሪው ራሱን በፍጥነት መመለስ አለበት፤ ጥርሱ ያዘገየዋል። ዋናው ፍላጎት ድሪፍት ከሆነ መሪው በቀጥታ በሞተር ዘንግ ላይ የተተከለበትን ዓይነት፣ ለምሳሌ ሞዛ አር5ን፣ ጨመር አድርጎ መግዛት ይሻላል። ባለ ጎማ የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጀመርም አይሆንም፤ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ሰውየው ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሲሙሌተር የማይሰጠው የመቀመጫ ስሜት ነው። እውነተኛ መኪና ሊንሸራተት ሲል ወገብ ከዓይን ቀድሞ ያውቃል፤ ቤት ውስጥ ያለ ወገብ ግን ምንም አይሰማውም። ፍርሃትም የለም። ፍርሃት በሌለበት የሰለጠነ እግር አፈር ክምር ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ግን ምርጫው እዚህ ይጠባል። ከ2024 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። አብዛኞቹ የእጅ ፍሬናቸው በቁልፍ የሚታዘዝ፣ መንሸራተትን ኮምፒውተር የሚከለክልባቸው ናቸው። እዚያ ብሆን ገንዘቤን ሲሙሌተር ላይ አውዬ፣ የተረፈችኝን ይዤ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና የተመለሰውን ሳፋሪ ራሊ ለማየት ናይቫሻ እወርዳለሁ። ነጂው ፍሬን የት እንደሚይዝ በጆሮ መስማት ራሱ ትምህርት ነው።

አራቱን ሺህ እንዴት ከፈልነው

አራት መቶ ለመሪና ለፔዳል። አምስት መቶ ለእናቱ ኮሮላ የጠጠር ጎማ፤ ለእህቴ «የክረምት ጎማ ነው» ተብሎ ተነግሯል፣ ፍጹም ሐሰት አይደለም። አራት መቶ ለአራት ቅዳሜ ራሊክሮስ። ከዚያ በኋላ፣ ስህተቱን በስሙ መጥራት ሲችል፣ አንድ ሙሉ ቀን ራሊ ትምህርት ቤት። ቅደም ተከተሉ ላይ ጸናሁ፤ መሪ መመለስ የማያውቅ ተማሪ ውዱን ቀን በርካሽ ትምህርት ይጨርሰዋል። የቀረው ገንዘብ ባንክ ውስጥ ይቀመጥ ተባለ።

እስካሁን ሁለት ቅዳሜ ሮጧል። በመጀመሪያው ከምድቡ መጨረሻ ወጣ፣ በሁለተኛው ሁለት ሰው ቀደመ። የኮሮላዋ ጎማ ሥር የተጋገረው ጭቃ ገና አልተፈቀፈቀም። ያን ቢኤምደብሊው ሌላ ሰው ገዛው፤ ልጁ ግን አሁንም ማታ ማታ ማስታወቂያ ያያል።