ለአንድ ቤት ኪችን ፈጣን ነው፣ ለሕንፃ ግን ይፈትናል፦ ከዓመት በላይ የተጠቀምኩበት የካቢኔት ዲዛይን ሶፍትዌር

ይህን የካቢኔት ዲዛይን ሶፍትዌር ወርክሾፓችን ውስጥ መጠቀም ከጀመርን ዓመት አልፎታል። ስሙን አልጠራም። የማነሳው ችግር የእሱ ብቻ ስላልሆነ፣ ሌላ ፕሮግራም የምትጠቀሙም ታውቁታላችሁ።

መልካሙን ላስቀድም። ለአንድ ቤት ኪችን በጣም ደስ ይላል። ደንበኛው አጠገቤ ተቀምጦ ግድግዳውን እስላለሁ፣ ካቢኔቱን እደረድራለሁ፣ ቀለም እቀያይራለሁ። የታችኛውን ካቢኔት ጥልቀት ከ56 ወደ 58 ሴንቲ ሳሳድገው ጎኑ፣ መደርደሪያው፣ መሳቢያው ሁሉ ራሱን ያስተካክላል። የማጠፊያውን የ35 ሚሊ ቀዳዳ ራሱ ያስቀምጣል። የመደርደሪያ መያዣ ቀዳዳዎችን በ32 ሚሊ ልዩነት ይደረድራል። መጨረሻ ላይ የመቁረጫ ዝርዝሩን በ2440 በ1220 ሚሊ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ላይ አሰናድቶ ይሰጠኛል። ይህን ሁሉ በወረቀትና በኤክሴል የሠራ ሰው ጥቅሙን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ችግሩ የመጣው የአፓርታማ ሥራ ስንይዝ ነው። እያንዳንዱ ቤት ኪችን አለው፣ ቁምሳጥኖች አሉት፣ የመታጠቢያ ቤት ካቢኔት አለው። ሁሉም አንድ ፋይል ውስጥ ሲገባ ፕሮግራሙ መንቀርፈፍ ጀመረ። አንድ በር ስነካ ክቧ ትሽከረከራለች። ሴቭ ሳደርግ ቡና አፍልቼ እመለሳለሁ። ከዚያ ምንም ሳይል ድርግም ብሎ ይዘጋል።

መዘጋቱ ያናድዳል፣ ግን ከሁሉ የከፋው እሱ አይደለም። የከፋው ተከፍቶ ሲመለስ ሥዕሉና የመቁረጫ ዝርዝሩ አለመስማማታቸው ነው። ሥዕሉ ላይ መደርደሪያው ተቀይሯል፣ ዝርዝሩ ላይ ግን የድሮው ልክ ተቀምጧል። የጠፋ ሥራ እንደገና ይሠራል። አጥሮ የተቆረጠ ኤምዲኤፍ ግን አይረዝምም። ስለዚህ አሁን ወርክሾፓችን ውስጥ ሕግ አለ፦ ፕሮግራሙ በተዘጋ ቁጥር ሁሉም ካቢኔት እንደገና ይሰላል፣ ከየዓይነቱ ጥቂት ክፍሎች በእጅ ይመረመራሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ዝርዝሩ ወደ መቁረጫው የሚሄደው።

ለምን ይንቀረፈፋል? ብዙ ሰው "ራም ጨምርበት" ይላል። ጨምረንበታል። የረዳን እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። የምትጠቀሙት የቆየ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ያህል ራም ብትሰኩ ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም አይችልም። የእኛ ባለ 64 ቢት ነው፤ ማነቆው ሌላ ቦታ ነበር። ታስክ ማናጀርን ስትከፍቱ ፕሮሰሰሩ 12 ወይም 13 በመቶ ብቻ እየሠራ ሊያሳያችሁ ይችላል። አትታለሉ። ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ አንድ የስሌት ክፍል ነው፤ ባለ 8 ኮር ማሽን ላይ ይህ ማለት አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ተወጥሯል፣ ሰባቱ ቆመው ያያሉ ማለት ነው። አንዱ ልክ ከሌላው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ስሌቱ በተራ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ኮምፒውተር ስትገዙ የኮሩን ብዛት ሳይሆን የአንዱን ኮር ፍጥነት ጠይቁ።

ሁለተኛው ሸክም ማንም የማያየው ነው። ከአምራቾች የሚወርደው የማጠፊያ ሞዴል እስከ ብሎኑ ጥርስ ድረስ ተስሏል። ለአንድ በር ሁለት ወይም ሦስት፣ በሕንፃው በር ልክ አባዙት። እኛ ሁሉንም በተራ ሳጥን ቅርፅ ተካናቸው። ቀዳዳው ትክክል እስከሆነ ድረስ ለመቁረጫው ምንም አይጎድልበትም። የእንጨት መልክ የሚሰጡት ሥዕሎችም እንደዚያው ናቸው። 4096 በ4096 የሆነ አንድ ሥዕል ሜሞሪ ላይ ሲዘረጋ 64 ሜጋባይት ይይዛል። ወደ 1024 ሲወርድ 4 ብቻ። ደንበኛው ልዩነቱን አያየውም፣ ማሽኑ ግን ያውቀዋል።

ትልቁ መፍትሔ ግን ፋይሉን መከፋፈል ነው። በፎቅ አይደለም፣ በቤት ዓይነት። ዓይነት ኤ አንድ ፋይል፣ ዓይነት ቢ አንድ ፋይል። አንዱ ቤት አንዴ ይሳላል፣ ብዛቱ የሚገባው ዝርዝሩ ላይ ነው። ግራና ቀኝ የተገለበጡ ቤቶች ግን ለብቻቸው ይያዙ፣ የማጠፊያው ጎን ይቀየራልና። ይህን ካደረግን ወዲህ መዘጋቱ ከስንት አንዴ ሆኗል።

ዋጋ አለው እርግጥ። ደንበኛው የበሩን ቀለም ሲቀይር በየፋይሉ መዞር አለብኝ። እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ኤምዲኤፍ ሲያሰላ ደግሞ ቁርጥራጩ ይበዛል። ስለዚህ ዝርዝሮቹን ሁሉ አውጥተን አንድ ላይ አድርገን ነው የምናሰላው። ሶፍትዌሩ ራሱ ሊሠራው የሚገባ ሥራ ነው ይሄ።

የመብራትን ነገር ሳልናገር አላልፍም። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ግን አብዛኛው ላፕቶፕ ባትሪ ላይ ሲሆን ራሱን ያቀዘቅዛል። ከባድ ፋይል ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ባትሪ ላይ ትልልቅ ስሌት አላስጀምርም። የካቢኔት ላይብረሪውንም (የተዘጋጁ ካቢኔቶች ስብስቡን) ከኔትወርክ አውጥተን እያንዳንዱ ማሽን ውስጥ ባለው ፈጣን ዲስክ (ኤስኤስዲ) ላይ አድርገነዋል። ራውተሩ መብራት ሲያጣ ፕሮግራሙ አብሮት ይወድቅ ነበር።

የድጋፍ ክፍላቸው አላረካኝም። ሁልጊዜ የመጀመሪያው መልስ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር አድሱ ነው። አድሰናል። ትልቅ ፋይል ለምን እንደሚከብድ በግልጽ የነገረን የለም። ክፍያው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያን ያህል የሚከፍል ሰው ሥራው መሀል ላይ ሊዘጋበት አይገባም።

የሶፍትዌሩን ክፍያ አድሳለሁ ወይ? አዎ፣ ምክንያቱም ከሥራችን አብዛኛው የግለሰብ ቤት ነው፣ እዚያ ላይ የሚተካው አላገኘሁም። ሥራችሁ በዋናነት ሕንፃ ከሆነ ግን እነሱ በሚያሳዩት አንድ ቆንጆ ኪችን አትወስኑ። በሙከራው ጊዜ የያዛችሁትን ትልቁን ፕሮጀክት አስገቡበት፣ የአንድ በር ልክ ቀይሩ፣ ሴቭ አድርጉ፣ መሀል ላይ በግድ ዝጉት፣ እንደገና ከፍታችሁ ዝርዝሩን ከሥዕሉ ጋር አስተያዩ። ከዚያ በኋላ ክፈሉ።